የስታዲየሙ ሽማግሌ

አጎቴ ምናሴ ሰው የሚሰማው ሰው ነው። በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰሱ፣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነበር። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። አይቸኩልም። ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቅና የራሱን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከራከረው የለም። የእናቴ የአገርነሽ ታናሽ ነው። እናታቸው እሱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እናቴ ናት። «ወንድምዓለም» ትለዋለች፤ እሱም «እታለም» ይላታል። ሁለቱም ከሸመገሉ በኋላ እንኳ ሲገናኙ ከጎኑ ተቀምጣ የጋቢውን ጫፍ ታስተካክልለት ነበር።

ዛሬ የባሕር ዳር ስታዲየም የሚባለው ያረፈበት መሬት ከፊሉ የእኛ ነበር። ጌሾ ነበረን፣ ጥቂት ማንጎ፣ በበጋ ደግሞ ቲማቲም። አባቴ የጎርጎራ ሰው ነው፤ በጣና ጀልባ ላይ ሲሠራ ኖሮ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሞተ። ከዚያ በኋላ እናቴና እኔ የምንኖረው በዚያች መሬት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ቀያሾች መጡ። ቀይ ጫፍ ያለው ችካል በጌሾው መሐል ተከሉ። በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ፤ ገበሬው አጉረመረመ፤ አንዱም ሳይፈርም ተበተነ። በሦስተኛው ቀን ሹሞቹ አጎቴን አስጠርተው የሚሠራውን ስታዲየም ሥዕል አሳዩት።

እግዜር ያውቃል፣ አምኖ ነው። የራሱን መሬት ከሁሉ በፊት የፈረመው እሱ ነው። ከዚያ ከቤት ቤት ዞረ፤ በመጨረሻ እኛ ጋ መጣ።

«እታለም፣ ይች መሬት ምን ትሰጥሻለች? ጌሾ ትሰጥሻለች። ስታዲየሙ ግን ሰው ነው የሚሰጥሽ። ሰው ያለበት ቦታ አይራብም» አላት።

«አይተኸዋል?»

«ሥዕሉን አይቻለሁ። ዙሪያውን ሱቅ ነው። አስፋልት ይገባል፣ መብራት ይገባል፣ ክሊኒክ ይሠራል። ልጅሽ ፀደንያም ጭቃ ሳትረግጥ ትማራለች። በሩ ላይ ካሉት ሱቆች አንዷ ያንቺ ናት።»

«ሥዕል አይበላም፣ ወንድምዓለም።»

«ቃሌን ሰጥቼሻለሁ።»

እናቴ ብዙ አላሰበችም። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ማታ ስንተኛ «ለምን ፈረምሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ምናሴ ከዋሸኝማ እውነት የሚነግረኝ ማን አለ?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ አልዋሸም። ግንባታው ዓመታት ፈጀ፤ ቢሆንም ቆመ። አጎቴ በጥበቃ ተቀጠረ፤ ሜዳው ሲተከል ደግሞ ሣሩን እንዲንከባከብ ተመደበ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሬ ጠምዶ የኖረ ሰው፣ የማይበላ የማይወቃ ሣር ላይ ተንበርክኮ አረም ሲለቅም ማየት መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። እሱ ግን ወደደው። ጨዋታ በሚኖርበት ቀን ከንጋት በፊት ገብቶ ውኃ ያጠጣል፤ ተጫዋች ተንሸራቶ ሣሩን ሲገሸልጠው የራሱ ቆዳ የተላጠ ይመስል ፊቱን ያጨፈግጋል።

የተባለው ሱቅ አልተሰጠንም። እናቴ ግን በበሩ ትይዩ የቆርቆሮ ቤት ሠራች፤ አሣ ጥብስና አሣ ጉላሽ መሸጥ ጀመርን። ከጎናችን ሸሪፋ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የክለቡን ማሊያና ባንዲራ እየሰፋች ትሸጣለች። ቀስ በቀስ ሠላሳ አንድ ቤት ሆንን። ያን ዘመን ያላየ አያምነኝም። ከጎንደር፣ ከወረታ፣ ከደብረ ማርቆስ ሰው በአውቶቡስና በአይሱዙ ተጭኖ እየጨፈረ ይገባ ነበር። ቅዳሜ ማታ አንድም የሚከራይ አልጋ አይገኝም፤ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ «ፍራሽ የላችሁም ወይ?» ይለን ነበር። ጎል ሲገባ ድስቱ ውስጥ ያለው ዘይት በድምፁ ይንቀጠቀጣል። ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ የመንገድ መብራት ቆመ፣ ፋርማሲ ተከፈተ። ድሮ ጅብ የሚጮኽበት ቦታ ሴቶች ብቻቸውን የሚመላለሱበት ሰፈር ሆነ። እኔም ከዚያች ቤት በወጣ ገንዘብ ኮሌጅ ገብቼ ተመረቅሁ፤ ሥራ ሳጣ ደግሞ ተመልሼ እዚያችው ቤት ገባሁ፤ ቅር አላለኝም።

ያን ጊዜ እናቴ አጎቴን ባየች ቁጥር ለደንበኛው ሁሉ «ይሄ ወንድሜ ነው። ይሄን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው» ትል ነበር። እሱ አንገቱን ይደፋል፤ ደስታው ግን ከጆሮው ሥር ይታያል።

ከዚያ የውጭ ገምጋሚዎች መጡ። ሁለት ቀን ለኩ፣ ጻፉ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ከወራት በኋላ ሜዳው ለትልቅ ጨዋታ አይበቃም ተባለ፤ ወንበር የለውም፣ መልበሻ ክፍሉ አይሆንም፣ ሌላም ሌላም። ብሔራዊ ቡድኑ የራሱን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ መጫወት ጀመረ። እኛ «ይስተካከላል» አልን። ጦርነት መጣ፤ እሱ አለፈ ሲባል ሌላው ቀጠለ፤ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ከጎንደርም ከማርቆስም የሚመጣ ደጋፊ ቀረ። ቀጥሎ በሩ በሰንሰለት ታሰረ፤ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ጨርቅ ተሰቀለበት። ሸሪፋ ማሊያውን ትታ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ያዘች። እኛ ለዘበኞችና ለግንበኞች ሻይ እናፈላ ነበር። ከውስጥ የአጎቴ የሣር ማጨጃ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ማንም የማይጫወትበትን ሣር በየሳምንቱ ያጭዳል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጎቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ ቆርቆሮ ቤታችን መጣ። ሸሪፋም ሌሎቹም ሴቶች ነበሩ። ተቀመጥ ብንለው አልተቀመጠም።

«እታለም፣ ዙሪያው ሊጸዳ ነው» አለ። «አጥር ይታጠራል፣ የመኪና ማቆሚያ ይሠራል፣ አበባ ይተከላል። ሲያልቅ ዘመናዊ ሱቅ ይሠራና መጀመሪያ የሚገቡት የነበሩት ናቸው። እስከዚያው በመሸንቲ መንገድ ተለዋጭ ቦታ ተሰጥቷችኋል።»

እናቴ የያዘችውን ቢላ አስቀመጠች። «ማን ነው ያለህ?»

«ከፕሮጀክቱ ቢሮ፣ አቶ መልካሙ።»

«ጽፈው ሰጡህ?»

«ነግረውኛል።»

 ሸሪፋ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ፣ «ጋሼ ምናሴ፣ እርስዎ ካሉ እንነሣለን። ግን ይሄን የሚሉን እርስዎ ነዎት ወይስ እነሱ?» አለችው።

አጎቴ ባርኔጣውን አንድ ጊዜ አዞረው። «እኔ ነኝ» አለ።

የደበቀንን ነገር ያወቅሁት ኋላ ነው። አቶ መልካሙ «በፈቃዳቸው ካልተነሡ ግሬደር ይመጣል፤ ተለዋጭ ቦታም የለም» ብሎት ነበር። አጎቴ ይህን ቢነግረን ኖሮ ምናልባት እንጮኽ ነበር፤ ምናልባት ሌላ ሰው እንፈልግ ነበር፤ ምናልባትም ምንም አንሆን ነበር። እሱ ግን ሰውን በፍርሃት ከማስነሣት በተስፋ ማስነሣት ይሻላል ብሎ አሰበ። ሕይወቱን ሙሉ ሰው ያስታረቀው እንዲያ ነው፤ መራራውን ለራሱ ውጦ ጣፋጩን ለሰው እያቀመሰ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አንዱም ቤት በገዛ ባለቤቶቹ እጅ ፈረሰ። እናቴ ምስማሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለች በቆርቆሮ ጣሳ አጠራቀመች። ቆርቆሮውን በጋሪ ጭነን ወደተባለው ቦታ ወሰድን።

ቦታው ሜዳ ነው። ውኃ የለም፣ መብራት የለም፤ ከመንገዱ ማዶ የበቆሎ ማሳ አለ። አንዳንድ ቀን ሚኒባስ ያልፋል፤ ብዙ ቀን ደግሞ መንገዱ ይዘጋና የሚያልፍ ሰው የለም። ከሐይቁ የማመጣው አሣ ፀሐይ ላይ እየዋለ ይበላሽ ነበር፤ መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ኋላ ለውሻ ሰጠሁት። ከሠላሳ አንዱ ሰው በወሩ አሥራ ሁለት ቀረን። ሸሪፋ ወረታ ካሉት ዘመዶቿ ጋር ለመኖር ሄደች። ስትሰናበተን የስፌት መኪናዋን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር። «ጋሼ ምናሴን አልቀየምሁም በሉልኝ» አለች። ወዲያው ደግሞ ቆም ብላ፣ «ተዉት፣ አትበሉልኝ» አለችና ሄደች።

እናቴ በግልብጥ ሣጥን ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ድሮ እጇ ሥራ አይፈታም ነበር፤ አሁን መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትውላለች። በአራተኛው ወር አንድ ጥዋት፣ «ያባትሽ ወገኖች ጎርጎራ አንድ ክፍል አለን ይላሉ። እንሂድ» አለችኝ። ሰባ ዓመት የኖረችበትን አገር ለቅቃ ልትሄድ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

በወደቡ አጎቴ ሊሸኘን መጣ። ፍራሻችንን ተሸክሞ ጀልባው ላይ ያወጣው እሱ ነው። «ሱቁ ሲያልቅ እኔው ራሴ መጥቼ እወስዳችኋለሁ» አለ። እናቴ ጉንጩን ሳመችው፤ የጋቢውን ጫፍ ግን አላስተካከለችለትም። ያን ጊዜ ገና አልጣለችውም ነበር። እንዲያውም ጀልባው ሲንቀሳቀስ «እሱ ምን ያድርግ፤ እሱንም አታለውት ነው» አለችኝ።

ጎርጎራ ዓሣ አጥማጆች ከሚውሉበት ሻይ ቤት ሥራ አገኘሁ። እናቴም እየመጣች በሩ አጠገብ ተቀምጣ ቅርፊት በመፋቅ ታግዘኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስለ ስፖርትና ስለ ከተማ ልማት ያወራል። ያን የማውቀውን ግድግዳ አየሁ። አዲስ አጥር፣ የተደረደረ አበባ፣ ከሩቅ የተነሣ አረንጓዴ ሜዳ። ከዚያ ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን ወደ አንድ ሽማግሌ አስጠጋች። አዲስ ነጭ ባርኔጣ አድርጓል፤ ቢጫ ሰደርያ አልብሰውታል። አጎቴ ምናሴ ነበር።

«አባታችን፣ ስታዲየሙ ለአካባቢው ኅብረተሰብ ምን አመጣ?» አለችው።

እንደ ልማዱ አልቸኮለም። «ይህ ቦታ ድሮ ጌሾ ነበር» አለ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። «መሬት ጌሾ ይሰጣል። ስታዲየም ግን ሰው ይሰጣል። እህቴ፣ የእህቴ ልጅ፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ እንጀራቸው ከዚህ ስታዲየም ነው። መሬታችንን ሰጥተን ከተማ አገኘን። አንድም የተጎዳ የለም።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያሉት ከየት እንደመጣን ያውቃሉ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ሊሥቅ ጀምሮ እኛን ሲያይ ተወው። ወደ እናቴ ዞርሁ። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ዕንባም የለም። ፕሮግራሙ አልቆ ማስታወቂያ ሲጀምር ጎንበስ ብላ የጀመረችውን አሣ ፍቃ ጨረሰች። ያን ቀን ማታ አጎቴ ስልክ ደወለ። ስልኩን ዘረጋሁላት፤ እጇን አልዘረጋችም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም እንዲሁ።

ከወር በኋላ እሱ ራሱ መጣ። ሲቋረጥ ሲቀጥል በሰነበተው ጀልባ ተሳፍሮ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ በሁለተኛው ቀን ጎርጎራ ደረሰ። እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ በደጃችን አየሁት። ስኳርና ሳሙና በፌስታል ይዟል። ፌስታሉን እጄ ላይ አኑሮ ወደ አጥሩ ሄደ፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከሥሩ ነቀለና አንገቱ ላይ አደረገ። ስንቱን ጥፋተኛ ድንጋይ አሸክሞ በበዳይና በተበዳይ መካከል የቆመ ሽማግሌ፣ ዛሬ ራሱ ተሸክሞ የእናቴን በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ሽማግሌ አላስከተለም፤ ብቻውን ነው። መሬቱ ላይ ተንበረከከ።

«እታለም፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር ለእግዜር በይኝ።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምነው ጌታዬ፣ ምን አጠፉና?» አለችው። «ያውርዱት እንጂ፣ ይጎዳዎታል። ከመንገድ ነው የመጡት፤ ይቀመጡ።»

መጀመሪያ የሰማ አልመሰለኝም። ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀና ብሎ አያት። አዝላ ያሳደገችው እህቱ፣ ዕድሜ ልኳን «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት፣ ለሹም እንደሚነሣ ሰው ቆማ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ ትጠብቀዋለች።

«እታለም፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ፀደንያ፣ ለእንግዳው መቀመጫ አምጪላቸው።»

ድንጋዩን ያወረድሁለት እኔ ነኝ። አንገቱ ላይ አፈርና ጭረት ቀርቶ ነበር። እናቴ የእጅ ውኃ አስታጠበችው፤ ከአሣው ደኅናውን መርጣ አቀረበችለት። «ይብሉ እንጂ። አልቀመሱም እኮ» ትለዋለች። ስለ ጤናው ጠየቀችው፤ ስለ ባሕር ዳር አየር ጠየቀችው። እሱ ሁለት ጉርሻ ጎረሰ፤ ሦስተኛው እጁ ላይ ቀረ። የስድብም የለቅሶም መግቢያ ቀዳዳ አልተወችለትም። ሲነሣ እስከ ደጅ ሸኘችው፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመው መጡ» ብላ ተመለሰች።

እስከ ወደቡ አብሬው ሄድሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ «ስድብ ነበር የጠበቅሁ» አለኝ። «ምራቋን ትተፋብኛለች ብዬ ነበር። ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር።»

«አጎቴ፣ በቴሌቪዥን ለምን እንዲያ አልህ? ማን አስገደደህ?» አልሁት።

«ማንም። እውነቱን ልናገር ሦስት ቀን ሙሉ ሣሩ ላይ ስለማመደው ነበር። አቶ መልካሙም ምንም አላለኝ፤ እጄን ጨብጦ ‹እርስዎ ባይኖሩ ይህ ሜዳ አይኖርም ነበር› አለኝ እንጂ። ማይክሮፎኑ ሲጠጋ አፌ የለመደውን ተናገረ።» ቀጠለና፣ «ውሸት ነበር ብል ደግሞ ከፈረምሁ ወዲህ ያሉትን አሥራ ስምንት ዓመታት ምን ላደርጋቸው ነው፣ ፀደንያ? የት ላስቀምጣቸው?» አለኝ።

ወደቡ ደረስን። ጀልባው ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ የበላበትን ሳህን አጥባ ደፍታዋለች። «ወንድምሽ እኮ ነው» አልኋት። «የምን ወንድም?» አለች፤ ድምፅዋ ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው የተናገረችው። «ወንድሜ እንዲያ ብሎ አይናገርም። እሱ እንዳልሆነ ይዤ ልሙት፣ ልጄ፤ ይሻለኛል።» ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አላነሣሁባትም።

አጎቴ እስከ ዛሬ በየእሑዱ ይደውልልኛል። «ደኅና ናት?» ይለኛል፤ «ደኅና ናት» እለዋለሁ። እናቴ ከወዲያ ትሰማለች፤ ፊቷን አታዞርም። ሜዳው አሁንም ዝግ ነው። ሱቆቹ የተባሉት አልተሠሩም፤ በነበርንበት ቦታ ላይ አበባ ነው ያለው፤ እንዳይረገጥ በሽቦ ታጥሯል። የመሸንቲው መንገድ ቦታም ባዶውን እንደቀረ ነገረኝ።

ባለፈው እሑድ ድምፁ ሌላ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ አዲስ ነገር ሊሠራ መሆኑን ነገረኝ፤ ገበሬዎቹ አንፈርምም ብለዋል። ቢሮው እሱን ጠይቆታል፤ «እርስዎን ይሰማሉ» ብለውታል።

«ታዲያ ምን አልህ?» አልሁት።

«እሷ ደኅና ናት?» አለኝ። «አጎቴ?» አልሁ።

«ሄጄ መጣሁ» አለኝ።

«እነሱስ?»

«ፈረሙ» አለ።